የሰሌን ቤት፣ የላስቲክ ቤት

ሰኞ

ሸራው ዛሬም ጠዋት ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር። የጀሪካኑ አፍ ላይ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቷል። ልጄ ሜሮን ፊቷን ሳትታጠብ ትምህርት ቤት ሄደች። አልተቆጣኋትም፤ እኔም አልታጠብኩም።

የአባዬ ሳል ብሶበታል። በፊት ሲነጋጋ ነበር የሚያስለው፣ አሁን ቀኑን ሙሉ ሆኗል። ጋቢውን፣ ብርድ ልብሱን፣ የሟቹን ባለቤቴን የታደሰን ካፖርት ሁሉ ደርቤለት እግሩ አልሞቅ አለ። በእጄ ሳሽለት ቆየሁ። «ተይው ልጄ፣ ይኼ እግር ደብረ ብርሃንን አልለመደም» አለኝ። የደጋው የመዘዞ ሰው ልጅ ሆኖ ብርድ መፍራቱ ራሱን ያስቀዋል። አባቱ ከመዘዞ ተነስቶ አሰብ ወደብ ሸክም ሊሠራ የወረደ ሰው ነው። አባዬ ያደገው እዚያ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው፤ እኔም የተወለድኩት እዚያው ነው።

ከዚያ አሰብ ቀረ። አዲስ አበባ ዳር ድንኳን ገባን። ከድንኳኑ ወደ ምዕራብ ሄደን መሬት ተሰጠን፣ ጎጆ ቀለስን፣ በቆሎ ዘራን። ታደሰን እዚያ ቀብረን፣ የያዝነውን ይዘን ወጣን። ይኸው አሁን ደግሞ አያቴ ጥሎት በሄደው አገር ላስቲክ ውስጥ እንተኛለን። ሲጻፍ አጭር ነው።

ከሰዓት በኋላ የመጠለያው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታምሩ በየደጁ እየዞረ ተናገረ። የኛ ረድፍ ሊነሳ ነው። ቦታው ለሌላ ሥራ ተፈልጓል። ወደ ትልቁ የቆርቆሮ መጋዘን እንገባለን፤ ውስጡን በሸራ ከፋፍለው በሰው ቁጥር ልክ ለየቤተሰቡ ይሰጣሉ። ዓርብ ቆጠራ አለ። ሰው ሁሉ በአካል መቅረብ አለበት። ያልቀረበ ቦታም ራሽንም የለውም።

«አባቴ መቆም አይችልም» አልኩት።

«ተሸክመሽም ቢሆን አምጪው። ምን ላድርግ አልማዝ፣ ከላይ የመጣ ነው።»

ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እንደኛው ላስቲክ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ማክሰኞ

አባዬን ጤና ጣቢያ አደረስነው። «አደረስነው» የምለው እኔና ዘነበችን ነው። ዘነበች ጎረቤቴ ናት፤ እሷንና እኛን የሚለየን አንድ ላስቲክ ነው። እዚህ መጠለያ ውስጥ የወለደችውን ናትናኤልን በጀርባዋ አዝላ በአንድ በኩል አባዬን ደገፈችልኝ። ባሏ ለቀን ሥራ ብሎ ከወጣ ወዲህ ድምፁ የለም። እሷ ግን ሳቋ አልጠፋም። «እትዬ አልማዝ፣ አባባ እኮ ከናቲ ይቀላሉ» እያለች ታስቀናለች። አባዬም ይስቃል፣ ሲስቅ ያስለዋል፣ ሲያስለው መንገድ ዳር እንቆማለን።

ነርሷ ደረቱን አዳመጠች። መድኃኒቱን ሰጥታኝ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

«ይኼን ይዋጡ። ግን ከዚህ ብርድ ካላወጣችኋቸው መድኃኒቱ ብቻውን አያሽላቸውም። ቆላ ዘመድ የላችሁም?»

ዘመድ! አያቴ የወጣበትን ቤት የሚያስታውስ ሰው መዘዞ ላይ አላገኘንም፤ እንኳን ቆላ።

ስንመለስ ግን አባዬ መንገድ ላይ ቆመና፣ «ሰዒድ አለ» አለ።

«የቱ ሰዒድ?»

«የአልዩ አምባው። የወደቡ።»

«አለ እንዴ? በሕይወት?»

«ሞተ ያለኝ ሰው የለም።»

አባዬን አስተኝቼ ገበያ ሄድኩ። ሎሚና በርበሬ ይዘው ከአልዩ አምባ የሚወጡ ነጋዴዎች አሉ። አንዱን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት። «ሐጂ ሰዒድን ነው? የአሰቡን?» አለኝ ወዲያው። ዛሬም እንዲያ ነው የሚጠሩት። የኔን ስልክ ቁጥር ይዞ፣ የአባቴን ስም ሁለቴ አስደግሞኝ፣ «ኢንሻአላህ ማታ እነግራቸዋለሁ» አለ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ሰው ስም ጠርቶ ሰው ማግኘት ይችላል ለካ።

ረቡዕ

ስልክ አልተደወለም።

መድኃኒቱ ነው መሰለኝ አባዬ ዛሬ ትንሽ ቀለል ብሎት ዋለ። ወሬው ግን ስለ ሰዒድ ጀምሮ ስለ ወደቡ ሆነ። ስለዚያ ዘመን እንዲህ ተናግሮ አያውቅም። እያሸሁት ሰማሁ። ሳልረሳው ልጻፈው።

መጀመሪያ ቤት አልነበረም አለ። አያቴና አብረውት የወረዱት የመዘዞ ሰዎች የመጀመሪያውን ሰሞን ያደሩት አሸዋው ላይ የተገለበጠ አሮጌ ጀልባ ሥር ነው። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ «ወደቡ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነው፤ ለጊዜው ቻሉት» አላቸው። ቻሉት። ከዚያ ከአፋር ሴቶች ሰሌን እየገዙ እንጨት ላይ ወጠሩ። የሰሌን ቤት ነፋስ ያስገባል፣ ግን የባሕሩ አውሎ ሲነሳ ይዞት ይሄዳል። ጠዋት ሰው ቤቱን ፍለጋ ይወጣ ነበር አለኝ። የተገኘውን ሰሌን «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እየተባባሉ ይጣላሉ፣ ካቦው መጥቶ ያስታርቃቸዋል።

ሚስቶች መውረድ ሲጀምሩ ሰሌኑ አላዋጣም። ከመርከብ የሚወርደው የዕቃ ሣጥን ሲሰበር ጣውላውን ለምነው የሣጥን ቤት መሥራት ጀመሩ። አባዬ ያደገበት ቤት ግድግዳው ላይ በጥቁር ቀለም የፈረንጅ ፊደል ተጽፎበት ነበር። ማንም አያነበውም። አያቴ የበረከት ጽሑፍ መስሎት ማታ ማታ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ይጸልያል። በኋላ አንድ መርከበኛ አንብቦ፣ «ከፀሐይ አርቁ ነው የሚለው» አላቸው። በአሰብ! ሰፈሩ ሁሉ በሳቅ ሞተ አለ። አያቴ ግን አቅጣጫውን አልቀየረም።

ከሣጥን ቀጥሎ በርሜል መጣ። የአስፋልት በርሜል ሰንጥቀው፣ ቀጥቅጠው፣ ዘርግተው ጣሪያ ያደርጉታል። የበርሜል ቤት ያለው እንደ ሀብታም ይታይ ነበር፤ ቀን ውስጡ መቀመጥ ግን አይቻልም። መንገዱን የቀየሰ የለም። ቀድሞ የመጣ በሩን ወደ ነፋሱ ከፈተ፣ ቀጥሎ የመጣው የሱን ነፋስ ላለመዝጋት ትንሽ ዞር ብሎ ሠራ፣ ሌላውም እንደዚያው። የሰፈሩ ሕግ ይኼ ብቻ ነበር አለኝ። የጎረቤትህን ነፋስ አትዝጋ።

 የተኛ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ሳስተካክል ዓይኑ ክፍት ነው።

«አስካለ የምትባል እህት ነበረችኝ» አለኝ።

ከተወለድኩ ጀምሮ ይህን ስም ሰምቼ አላውቅም።

ፋኖስ ነው የወደቀው። የማን ቤት እንደሆነ እንኳ አልታወቀም። የባሕሩ ነፋስ እሳቱን ከጣውላ ወደ ጣውላ ወስዶ ረድፉን ሁሉ በላው። ጣውላውም ሬንጅ የነካው ነው። አስካለ ውስጥ ተኝታ ነበር። እናቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር፣ አባዬ ከሰዒድ ጋር ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ነበር። ሲመለሱ ቤቱ የነበረበትን ቦታ ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ይህን ብቻ ነገረኝ። 

ከእሳቱ በኋላ ያስጠጓቸው የሰዒድ አባት ናቸው። ወደቡ በር ላይ ሻይ ቤት ነበራቸው። አግዳሚውን ሁሉ ወደ ውጭ አውጥተው መሬቱ ላይ ሰሌን አነጠፉና፣ «እስኪቀናችሁ ቤታችሁ ነው» አሉ። አባዬና ሰዒድ በአንድ ሰሌን ላይ አደጉ። በመጨረሻ ከወደቡ ሸራ ተሰጣቸው። የድንጋይ ቤት እስኪሠራላችሁ፣ ለጊዜው ተባሉ። «አንቺም የተወለድሽው እዚያ ለጊዜው ውስጥ ነው» አለኝ።

እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። በሸራው ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ መስመር። እናቴ ቀትር ላይ ሰሌኑ ላይ ውሃ ስትረጭ፣ ከዚያ የሚመጣው ሽታ። ስንወጣ አንድ ሰሌን ጠቅልላ መኪናው ላይ ጭና ነበር። የት እንደደረሰ አላውቅም።

ዘነበች ከላስቲኩ ማዶ ሆና ስትሰማ ነበር። «አባባ፣ ከዚያስ?» አለችው። ናቲ እያለቀሰ ነበር፣ ብርዱ ነው። «ነገ እነግርሻለሁ፣ ልጁን አሙቂው» አላት።

ሐሙስ

ናቲ ሞተ።

ጠዋት ውሃ ለመውረድ ዘነበችን ጠራኋት። ዝም አለች። ደግሜ ጠራሁ። የደጇን ሸራ ስገልጠው የከሰሉ ጭስ አፌን ሞላው። ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፋ ነው ያደረችው። ልጁን ለማሞቅ። እሷ አስመልሷት በጎኗ ወድቃለች፣ ናቲ ደረቷ ላይ ነው።

ጮህኩ። አባዬ ከወዲያ ሆኖ ምን እንደሆነ ገባው። መቆም የማይችለው ሰው ተንፏቅቆ መጥቶ የሚለየንን ላስቲክ በሽንኩርት ቢላ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። ነፋሱ ገባ። ሜሮንና እኔ ዘነበችን በእግሯ ጎትተን አወጣናት። አፈር ላይ ተኝታ ብዙ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። የመጀመሪያ ቃሏ፣ «ሞቀው?» የሚል ነበር።



ጋሽ ታምሩ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ላስቲክ ውስጥ ከሰል ማንደድ ክልክል ነው» አለ። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ «እሺ ልጄ፣ በምን እንሙቅ?» አሉት። ቆቡን አወለቀ። «አላውቅም እናቴ» አለ። ከዚያ አካፋ ይዞ ከሚቆፍሩት ወንዶች ጋር ሄደ።

ክርስትና ስለተነሳ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በነጠላዬ ነው የጠቀለልነው። መሬቱ ከላይ በውርጭ ደርቆ አካፋውን አልቀበል ብሎ ነበር። ቄሱ አጭር አደረጉት፣ ነፋሱም አላቆማቸውም።

ስንመለስ ዘነበች ጡቷ ሞልቶ ቀሚሷን አርሶታል። ደረቷን በሻሽ አሰርኩላት። እኛ ጋ ተኛች። ያ ላስቲክ እንደሆነ ተቀዷል፣ አሁን አንድ ቤት ነን። አባዬ ሲያስለው እንዳይረብሻት አፉን በጋቢው ያፍናል። ፊቱ ይጠቁራል። «አስል እንጂ አባዬ» አልኩት፣ ምን ልበለው።

ሐጂ ሰዒድ ደወሉ። ድምፃቸው የሽማግሌ አይመስልም። «ልጄ፣ የገብሬ ልጅ ነሽ? ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ሌላ አልጠየቁም።

ዓርብ

መጡ። ነጭ ኮፊያ፣ ስስ ሸሚዝ፣ አንድ ኬሻ ሎሚ። ብርዱን የማያውቅ የቆላ ሰው። ከታክሲው ሲወርዱ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ነበር።

አባዬን ለቆጠራው አውጥተን ሜዳው ላይ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ አስቀምጠነዋል። ሐጂ ከፊቱ ቆሙ። ተያዩ። ከአሰብ ከወጡ ወዲህ አልተገናኙም።

«አንተ ሸበትክ» አለ አባዬ።

«አንተ አለቅህ» አሉ እሳቸው። ከዚያ ቁጭ ብለው አንገቱን አቀፉት። ሁለቱም አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሐጂ ችኩል ነበሩ። ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መኪና ከሰዓት በኋላ አይገኝም፤ ካመለጠን አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ማደር ነው፣ ያ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አሁን መነሳት አለብን አሉ። ቆጣሪዎቹ ግን አልመጡም። ሰልፉ ቆሟል። ነፋሱ ከሜዳው በኩል ይመታል።

አባዬ እምቢ አለ። «ስሜ ሳይጠራ አልሄድም። ቦታው በሰው ልክ ነው። እኔ ከጎደልኩ እነሱን ጥጋት ላይ ነው የሚወሽቋቸው።»

«ገብሬ፣ ተው።»

«እጠብቃለሁ አልኩህ።»

«ወላሂ አንተ ጀልባ ላይም እንዲህ ነበርክ! እየሰመጥን እኮ ነው፣ አንተ ዓሣውን አልለቅም ትላለህ።» ሐጂ ተቆጡ። «የሞተ ሰው ይቆጠራል እንዴ? እስኪመጡ ትሞታለህ፣ ከዚያ ማንን ሊቆጥሩ ነው?»

አባዬ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፣ ሳሉ ያዘው። አልለቀው አለ። ጋቢው ላይ ደም አየሁ። እሱም አየው፣ አጠፈው።

ከዚያ ሁለቱም እኔን አዩኝ። ይህን ነገር እንድወስን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከአሰብም፣ ከድንኳኑም፣ ከምዕራቡም ስንወጣ አንድ ላይ ነው የወጣነው፤ ተለያይተን አናውቅም። እኔ አብሬው ልሂድ ብል ሜሮን ትምህርቷ አለ፣ ቦታው ይቀራል፣ ዘነበችን ማን ላይ ልጥላት።

«ሂድ አባዬ» አልኩ።

«አልማዝ...»

«ሂድ። ጠባብ ቢሆን እንተኛበታለን።»

ካፖርቱን አለበስኩት። መድኃኒቱን፣ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ፣ ካልሲ፣ ዳቦ። ሌላ የሚላክ ነገር ቢኖር ብዬ ላስቲኩ ውስጥ ዞርኩ፣ የለም። ሜሮን ጉልበቱን ስማ አልላቀቅ አለች። «አባባ፣ ትመለሳለህ አይደል?» አለችው። ራሷን ዳበሳት። ሐጂ በአንድ በኩል፣ ጋሽ ታምሩ በሌላ በኩል ደግፈውት ሄዱ። ጋሽ ታምሩ ሰልፉን ትቶ መሄዱን ሰው ሁሉ አየ፣ አንድም ሰው አልተናገረም።

ቆጣሪዎቹ የመጡት እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው። አንዲት ወጣት ስማችንን ጠራች። የአባዬን ስም ስትጠራ ባዶውን ጀሪካን አየሁት።

«ሞተዋል?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«አልሞተም። ቆላ ወርዷል።»

«እንግዲያው መሰረዜ ነው፣ እትዬ።»

«ሰርዢው።»

ሰረዘችው። 

ከኋላዬ ዘነበች ናት። ቆጣሪዋ ስሟን ጠርታ የልጁን ስም ቀጠለች።  ጎረቤቶቹ መሞቱን ለቆጣሪዋ ነገሯት። ልጅቷ ራሷን ወደ መሬት ደፋች፣ ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል። «ብቻቸውን የሆኑትን ከማያውቁት ሰው ጋር ነው የምናዳብለው» አለች፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው።

«ከኛ ጋር ናት» አልኩ።

«ዝምድናችሁ?»

«እህቴ ናት።»

ልጅቷ አየችኝ፣ ዘነበችን አየች። ሌላ አልጠየቀችም። ሦስት ሰው ተብለን ተጻፍን።

ማታ ስልክ ሞከርኩ። የሐጂ አይሠራም። ገደሉን ሲወርዱ ኔትወርክ የለም ይላሉ።

ቅዳሜ

ረድፋችን ፈረሰ። ለማፍረስ የሚወስደው ጊዜ ያሳፍራል። እንጨቱ አጠና ነው፣ ላስቲኩ ተጠቅልሎ በአንድ ሰው ትከሻ ይሄዳል። ከሥሩ ቢጫ የሆነ አራት ማዕዘን ሣር ቀረ፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የዘነበች። ዘነበች የሷ ላይ ሄዳ ቆመች። ጠብቄያት አብረን ሄድን።

መጋዘኑ ጨለማ ነው። ጣሪያው ሩቅ ነው፣ ድምፅ ሁሉ ወደዚያ ወጥቶ ይመለሳል። የሚያስል፣ የሚያለቅስ፣ የሚጣላ፣ የሚጸልይ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሰማል። ድርሻችን ግድግዳው ሥር ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው፣ ሲነኩት በብርዱ እጅ ይይዛል። ላስቲካችንን አጣጥፈን ከግድግዳው ጋር ደገፍነው። ሜሮን ኬሻውን ከፍታ ለጎረቤት ሎሚ አደለች። ሰው አፍንጫው ላይ እያደረገ ያሸት ነበር።

አንድ ጥሩ ነገር፦ ዘነበች በላች። ትንሽ ናት፣ ግን በላች።

ስልክ የለም። ገበያ ሄጄ የሎሚውን ነጋዴ ፈለግሁት። አልወጣም። ሌላው፣ «መንገዱ ላይ ናዳ አለ ሲባል ሰምቻለሁ» አለኝ። ሌላው ደግሞ፣ «የለም፣ ያለፈው ሳምንት ነው» አለ። ይዤ የመጣሁት ይህን ነው።

ለሜሮን አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም፣ ግን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ቻርጁን ደጋግማ ታያለች።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩ አዲስ ነው። የሐጂ የልጅ ልጅ ናት፣ ስልኳን ለአባዬ ሰጠችው።

«ደርሰናል» አለ።

 «መቼ?» አልኩ።

አንኮበር ላይ መኪናው አምልጧቸዋል። ያደሩት ሰው ቤት ነው፤ ሐጂ ካፖርቱን አለብስም ብለው ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጡ አድረዋል፣ አሁን ታመው የተኙት እሳቸው ናቸው። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ይስቃል። በማግስቱ በጭነት መኪና ወርደው ማታ ገብተዋል። እዚያ ይሞቃል። በሩ ክፍት ሆኖ ነው ያደረው። የሐጂ ሰዎች ክፍል ለቀውለታል፣ እሱ ግን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አንድ ነገር ልወጥር ብሎ እንጨትና ሰሌን ጠይቋል።

«አባዬ፣ ክፍል ሰጥተውህ የለ?»

«የሰው ክፍል ነው። ልጆቹ ሳሎን ተኙ እኮ። እኔ ሰሌን መወጠር አውቃለሁ።»

«በየትኛው ጉልበትህ?»

«ቁጭ ብዬ አዛለሁ፤ እነሱ ይሠራሉ።»

ስለ ቦታችን ጠየቀኝ። ሰፊ ነው አልኩት። እንዳላመነኝ አወቅሁ። ዘነበችን አቅርቢልኝ አለኝ። ስልኩን ሰጠኋት። ምን እንዳላት አልሰማሁም፣ እሷ ብቻ፣ «እሺ አባባ... እሺ... አይ፣ አሁን ከነሱ ጋር ነኝ» ትላለች። ሲጨርሱ ስልኩን መልሳልኝ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። መጀመሪያ ልሂድባት አሰብኩ፣ ተውኳት። ሜሮን ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

ደም ስለማየቴ አላነሳሁበትም። እሱም አላነሳም። እዚያ ጤና ጣቢያ አለ፣ የሐጂ ልጅ ሰኞ ይወስደዋል፤ እንዲህ ተባብለን ተለያየን። ከመዝጋቱ በፊት አሳለው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ አዳመጥኩት። ካለፈው ሳምንት ቀለል ያለ ይመስላል። ቆላው ይሁን ያቀለለው፣ ስልኩ ይሁን ያሳነሰው፣ መለየት አልቻልኩም።